የዝግባ ሥር እማኝ

ጦይባ ይመር የመጨረሻ ዓመት የገበያ ጥናት ተማሪ ሳለች፣ በ2071 ዓ.ም. መጋቢት መጀመሪያ፣ ለሦስት ወር የተግባር ልምምድ እንደራሴ ቴክኖሎጂ የተባለው ኩባንያ ደሴ ቅርንጫፍ ተመደበች። አብረዋት አምስት ተማሪዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስድስቱንም አንድ ክፍል አስቀምጠው ለእያንዳንዳቸው ጆሮ ላይ የምትንጠለጠል፣ ምን እንደሚሉ የምትመክር ትንሽ ጉትቻ ሰጧቸው። ከዚያ የሽያጭ ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ምንትዋብ ገቡና ቆመው ቆጠሯቸው።

"ስድስት ፊት" አሉ ወደ ማንም ሳያዩ። "ሁለቱ ወደ ገበያው፣ ሦስቱ ወደ መናኸሪያው፣ አንዷ ወደ ላይ።"

ወደ ላይ የተላከችው ጦይባ ናት።

በኩባንያው አነጋገር ተለማማጅ "ፊት" ነበር የሚባለው። ከስልሳ አምስት ዓመት በታች ላለ ሰው እንደራሴ ለመሸጥ ፊት አያስፈልግም። ወጣቱ ሁሉ ከያዘው ቆይቷል። እንደራሴው ስልክ ውስጥ ያለ ማሽን ነው፤ የሰውየውን ድምፅና ጠባይ ይማርና በሰውየው ፋንታ ስልክ ያነሳል፣ የሐኪም ወረፋ ይይዛል፣ ስብሰባ ይቀመጣል። ታክሲ ውስጥ ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ እንደራሴዎቻቸው ቀድመው ሰላምታውን ይጨርሱታል። እንዴት አደርክ፣ ቤተሰቡ፣ ጤናው፣ ሥራው የሚለው ሁሉ ዓይን እስኪጨፈን ያልቃል፤ ሰዎቹ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደየመስኮታቸው ይዞራሉ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ወንበሮቹ ላይ የተደረደሩ ስልኮች "እግዜር ያጥናሽ"፣ "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" ሲሉ ይውላሉ። ሐዘንተኛዋም ስልኳን አጠገባቸው አስቀምጣ ወደ ጓዳ ትገባለች።

ሽማግሌዎች ግን ለማሽን በር አይከፍቱም። ሕጉም አይፈቅድም። ከስልሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው እንደራሴ ሲይዝ ፈቃዱን ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ የሚቀበለው ሰው መሆን አለበት ይላል። ያ ሰው "እማኝ" ይባላል። ጦይባ የእማኝነቱን ደንብ አነበበች፣ ፈረመችና ጉትቻዋን አድርጋ ወጣች።

ዝግባ ሥር ከተማው ጫፍ፣ ተራራው ትከሻ ላይ ያለ ሰፈር ነው። ሠላሳ ስምንት ቤት አለው። ታክሲ እግሩ ሥር ያቆምና ይመለሳል፤ ከዚያ በላይ አቀበቱ በእግር ነው። ልጆቹ ወደ ታች ወርደው ሰፈሩ የሽማግሌ ብቻ ሆኗል። ከመካከሉ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ምንጭ ይወጣል። ነዋሪዎቹ ከእሱ ይቀዳሉ፣ ጎመናቸውን ያጠጣሉ፣ እሱ ዳር ቁጭ ብለው ያወራሉ።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነበር። አራት በር ተዘጋባት። አምስተኛው የእማማ ቢታንያ ዘውዱ ቤት ነው። እማማ ቢታንያ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ከደሴ አዲስ አበባ አውቶብስ ነድተዋል። ጦይባ ስትደርስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በመቀስ እየቆረጡ የእግር መጥረጊያ ይሠሩ ነበር።

"ማሽን ነሽ ሰው?" አሏት ቀና ሳይሉ።

"ሰው ነኝ እማማ።"

"የማን ልጅ?"

"የይመር አሊ። ኮምቦልቻ።"

"ኮምቦልቻ የት?"

"ከጨርቃ ጨርቁ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ።"

"ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው ድልድይ ጠባብ ነው። ስንቴ መስታወቴን ገጭቼበታለሁ።" መቀሱን አስቀመጡ። "ሰው ነሽ። ግቢ።"

"ጉልበታቸውን እያየሽ ጠይቂ" አለቻት ጉትቻዋ።

ጦይባ ጉልበታቸውን አየች። ሁለቱም አብጠው ነበር። በየሳምንቱ ለሰፈሩ ጉባኤ ቁልቁለቱን መውረድ ያስቸግራቸው እንደሆነ ጠየቀች። እማማ ቢታንያ ላለፉት አምስት ስብሰባዎች እንዳልሄዱ ተናገሩ። ሰው በቀረ ቁጥር ስሙ ይጻፋል፤ ስሙ ሰባቴ የተጻፈ ሰው ደግሞ ከሰፈሩ መዝገብ ይወጣል። እንደራሴ ካላቸው ግን እሱ ይቀመጥላቸዋል። ጦይባ ይህን ስትናገር አልዋሸችም። ውሉ ላይ ስትደርስ ጉትቻዋ "ሰባተኛውን ገጽ እለፊው፤ ይረዝምባቸዋል" አለቻት። ጦይባ አለፈችው። ገጹ እንደራሴው ባለቤቱ ባልተጠየቀበት ጉዳይ ላይም ፈቃድ ሊሰጥ እንደሚችል የሚናገር ነበር። አንብባዋለች፤ በልምምዱ የመጀመሪያ ቀን።

ድምፅ መቅዳቱ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ጥያቄዎቹ ተራ ነበሩ። ምን ምግብ ይወዳሉ? ማንን ያምናሉ? ከሰው ሲጣሉ ቀድሞ ይቅር የሚለው ማን ነው?

"እኔ ነኛ" አሉ እማማ ቢታንያ። "ጠብ ዕድሜ ይበላል።"

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ለጦይባ ተከፈተላት። እማማ ቢታንያ "የይመር ልጅ ናት" ብለው በየቤቱ ላኳት። እሷም ትቀመጣለች፣ ታዳምጣለች፣ የተረከላትን አትረሳም። ጉትቻዋ ዝም እንድትል ማድረግ ተማረች፤ ሰባተኛውን ገጽ ግን ሁልጊዜ አብረው ያልፉት ነበር። በአንድ ወር ተኩል ከሠላሳ ስምንቱ ቤት ሠላሳ አንዱን አስፈረመች። ከስድስቱ ፊቶች እንዲህ የቀናው አልነበረም። ቢሮው ግድግዳ ላይ ፎቶዋ ተሰቀለ። ወይዘሮ ምንትዋብ ምሳ ሲበሉ አጠገባቸው አስቀመጧትና ስትመረቅ ቋሚ ቦታ እንደሚጠብቃት ነገሯት። አባቷ ይህን ሲሰማ ለሁለት ቀን ያህል ለጎረቤት ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ።

በሚያዝያ አጋማሽ ጦይባ የጉባኤ ተራ ደረሳት። ደንቡ በማንኛውም የሰፈር ጉባኤ ላይ ከጸሐፊው ሌላ ቢያንስ አንድ ሰው በአካል ይቀመጥ ስለሚል፣ ኩባንያው ተለማማጆቹን በተራ ይልክ ነበር። አዳራሹ ከተራራው እግር ሥር ነው። ሠላሳ ስምንት ወንበር ተደርድሯል። ሠላሳ አንዱ ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል ድምፅ ማጉያ ተቀምጣለች። ሰባቱ ባዶ ናቸው። ጸሐፊው ወጣት፣ ብርድ የሚሰማው ዓይነት ሰው ነው፤ እጁን ኮቱ ውስጥ ከቶ አጀንዳውን ያነባል።

አራተኛው አጀንዳ የዝግባ ሥርን ምንጭ ይመለከት ነበር። ምንጩ ታጥሮ ውሃው በቧንቧ ወደ ታች ይወርዳል፤ አዲስ የተሠራው የማሽን አዳራሽ ሙቀቱን የሚያበርደው በእሱ ነው። ነዋሪዎቹ ከተማው ዳር ወደተሠሩት ሕንፃዎች ይዛወራሉ። የማሽን አዳራሹ የእንደራሴ ቴክኖሎጂ ነበር።

"አስተያየት" አለ ጸሐፊው።

ድምፅ ማጉያዎቹ በተራ ተናገሩ። ጦይባ ሁሉንም በድምፅ ታውቃቸዋለች። ሦስተኛዋ የእማማ ቢታንያ ናት።

"እስማማለሁ" አለች ማጉያዋ፣ በጠራ፣ ባልደከመ ድምፅ። "ለመጪው ትውልድ ነው። ጠብ ዕድሜ ይበላል።"

ሠላሳ አንዱም ተስማሙ። ድምፅ አሰጣጡ አራት ሰከንድ ወሰደ። ጸሐፊው ተቃውሞ ያለው ነዋሪ በአሥር ቀን ውስጥ በአካል ቀርቦ እንዲያሰማ የሚለውን አንቀጽ አነበበና መብራቱን አጠፋ። ጦይባ ወንበሯ ላይ ቀረች። ጸሐፊው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

"እህቴ፣ ልዘጋ ነው" አላት።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ምንትዋብን ቢሯቸው ድረስ ሄዳ አነጋገረቻቸው።

"እማማ ቢታንያ እንደዚያ አይሉም" አለች።

"ብለዋል።"

"እሳቸው አልነበሩም እኮ።"

"ጦይባ፣ አጠገባቸው ተቀምጠሽ ያስቀዳሻቸው አንቺ ነሽ። ከሰው ሲጣሉ ቀድሞ ይቅር የሚለው ማን ነው ሲባሉ ምን አሉ?"

"እኔ አሉ።"

"ስለ ጠብስ?"

"ዕድሜ ይበላል አሉ።"

"ታዲያ ምን ተጨመረባቸው?"

"ስለ ምንጩ ማንም አልጠየቃቸውም" አለች ጦይባ።

"ሁሉንም ነገር መጠየቅ ከተቻለማ እንደራሴ ለምን ያስፈልጋል?" ወይዘሮ ምንትዋብ ድምፃቸውን አላነሱም። ክፉ ሴት አልነበሩም። ተለማማጅ ሲታመም ቤቱ ድረስ በአካል ሄደው የሚጠይቁ ሰው ናቸው፤ ያ ደግሞ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበር። "አስቢው። ጉልበታቸው አልቋል። አሳንሰር ያለው ቤት ይገባሉ። ወርደው ተሰብስበው፣ ተከራክረው፣ ተጣልተው መጨረሻቸው ያው መስማማት ነው። ድካሙን ቀነስንላቸው።"

"ውሃውን የሚወስደው ግን የማን አዳራሽ ነው?"

ወይዘሮ ምንትዋብ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አስተካከሉ። "አንድ ወር ተኩል ቀርቶሻል" አሉ። "በሰላም ጨርሺ።"

ጦይባ ጉትቻዋን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ዝግባ ሥር ወጣች።

እማማ ቢታንያ አሁንም በረንዳው ላይ ነበሩ። ጦይባ ቆማ ነገረቻቸው። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ሰባተኛውን ገጽም አልደበቀችም። ከዚያ አዳራሹ ውስጥ በስልኳ የቀዳችውን የጉባኤውን ድምፅ አሰማቻቸው። እማማ ቢታንያ ጨርሰው ሰሙና "ድገሚው" አሉ። ደገመችው።

"ሳሌን የት አደረጉት?" አሉ።

"ያወጡታል እማማ። ድምፁን ያጸዱታል።"

"ሃያ ዓመት የሳልኩትን ሳል።" ዓይናቸውን ከስልኩ አላነሱም። "ገጹን እያወቅሽ ነው የዘለልሽው?"

"እያወቅኩ ነው።"

"ከበረንዳዬ ውረጅልኝ።"

ጦይባ ወረደች። ግን አልሄደችም፤ ከግቢው ውጪ የድንጋይ አጥሩ ላይ ቁጭ አለች። ጉሙ መጥቶ ሸፈናት፤ ሄደ። ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ ይህን በኋላ ለአባቷ ነግራዋለች፤ ነገር ግን ማን አስለቀሰሽ ብትባል መልስ ስለሌላት ተወችው። ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

"አለሽ?"

"አለሁ።"

"ያስፈረምሻቸው ሰዎች ቤት ሁሉ ሂጂ። ለያንዳንዱ የራሱን ድምፅ አሰሚው። አትለምኝ፣ አታባብይ፤ ማባበሉን አይተነዋል። አሰሚና ውጪ። ያልፈረሙት ሰባቱ ቤትም ግቢ፤ እነሱም ይወቁ። ሐሙስ ጠዋት እንወርዳለን በያቸው።"

ጦይባ ሁለት ቀን ዞረች። ሰው የራሱን ድምፅ ያልተናገረውን ሲናገር ሲሰማ የሚያደርገው የተለያየ ነው። አንዷ እናት ሳቁ። አንድ የቀድሞ አናጢ ስልኩን ከእጇ ነጥቀው በጨርቅ ጠቀለሉት፤ እንዳያመልጥ የፈሩ ይመስል ነበር፤ ቆይተው መለሱላት። ሁለት ቤት "ውሻ" ብለው አባረሯት። ጋሽ ናሆም የሚባሉ፣ ምንጩ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ የሰባ ዓመት ሰው ደግሞ ቅጂውን እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"እኔ እንኳ እውነቴን ነው፤ መሄድ እፈልጋለሁ" አሉ። "ቤቴ ያፈሳል። ሚስቴም እዚህ ነው የሞተችብኝ። ብጠየቅ ኖሮ እሺ እል ነበር።"

"ታዲያ ሐሙስ አይመጡም?"

"ለምን እቀራለሁ? እሺ የምለው እኔ ነኝ።"

ሐሙስ ጠዋት ምንጩ ዳር ሃያ ሰባት ሰው ተሰበሰበ። ሌሎቹ አልጋ ላይ የቀሩ ወይም የማይፈልጉ ነበሩ። እማማ ቢታንያን የሚሸከም ቃሬዛ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አይተው መለሱት።

"ቃሬዛ ላይ የምወጣው አንዴ ነው" አሉ። የጦይባን ክንድ ያዙና ጎናቸውን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥተው መውረድ ጀመሩ። "ቁልቁለት በፍሬን አይወረድም። ፍሬኑ ይቃጠላል። ማርሽ አሳንሰሽ ነው።"

ጤነኛ ሰው በሃያ ደቂቃ የሚወርደውን ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። በየመታጠፊያው ይቆማሉ፤ ሲቆሙ ያወራሉ። ታክሲ መቆሚያው ጋ ሲደርሱ የከተማው ሰው ወደ ሥራ የሚሄድበት ሰዓት ነበር። ሽማግሌዎቹ ያገኙትን ሁሉ "እንዴት አደራችሁ" ይሉ ጀመር። ሰዎቹ ግራ ተጋቡ። እንደራሴዎቻቸው ሰላምታውን እንደጨረሱ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ከፊታቸው የቆመ ሰው ዓይን ዓይናቸውን እያየ መልስ ይጠብቃል። አንዳንዱ ስልኩን ተመለከተ። አንዳንዱ ከብዙ ጊዜ በኋላ እንደተከፈተ በር በተንቋቋ ድምፅ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ።

የጉባኤ አዳራሹ በር ላይ የምትጠይቀው የማሽን ድምፅ ትሁት ነበረች።

"ስምዎን ይንገሩኝ።"

"ቢታንያ ዘውዱ።"

"ወይዘሮ ቢታንያ ዘውዱ በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፃቸውን ሰጥተዋል። የእርስዎ ድምፅ ከተመዘገበው ጋር ስልሳ አንድ በመቶ ይመሳሰላል። እርስዎ ማን ነዎት?"

እማማ ቢታንያ ደረታቸው ከመንገዱ ድካም ይነሳና ይወድቅ ነበር። ሊመልሱ ሲሉ ሳል ያዛቸው። ማሽኗ ሳሉ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠበቀችና "አርባ ስምንት በመቶ" አለች።

ከኋላቸው ያሉትም ተራ በተራ ሞከሩ። ከእንደራሴ ባለቤቶቹ አንድም ሰው አላለፈም። ጸሐፊው ከውስጥ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ሲስተሙ ካላወቃቸው እሱ ሊያውቃቸው እንደማይችል ነገራቸው። ግማሾቹን ግን በስም ይጠራቸው ነበር።

"እናትህን የማውቃት ልጅ ነህ" አሉት አንዲት ሴትዮ። "ቤቴ ስትመጣ ዳቦ የምትጠይቀኝ።"

"አውቃለሁ እትዬ" አለ ጸሐፊው መሬት መሬት እያየ። "ምን ላድርግ?"

"ተቃውሞው ሊሰማ የሚችለው" አለች ማሽኗ ሳትጠየቅ፣ "ውክልናው ከተሻረ ብቻ ነው። ፈቃዱን የተቀበለው እማኝ በዘጠና ቀን ውስጥ በቂ ምክንያት ጠቅሶ ሊሽረው ይችላል።"

ሁሉም ወደ ጦይባ ዞሩ። ጦይባ ራሷ የፈረመችበት ደንብ ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር እንደነበር አሁን ትዝ አላት። የተጠቀመበት ሰው አልነበረም።

እማኝ መሆኗ እንዲታወቅ ጉትቻዋን ማድረግ ነበረባት። አደረገችው። ወዲያው የወይዘሮ ምንትዋብ ድምፅ መጣ፤ እሳቸው ራሳቸው ይሁኑ የእሳቸው እንደራሴ ልትለይ አልቻለችም።

"ጦይባ፣ ተረጋጊ። ስትሽሪ የሚሻረው ያንቺ ሥራ ነው። ሠላሳ አንዱም። ልምምድሽ ዜሮ ይሆናል፤ ዓመቱን ትደግሚያለሽ።"

"አውቃለሁ።"

"አባትሽ የሐምሌውን ምርቃት እየጠበቀ ነው።"

"እሱንም አውቃለሁ።"

"ውክልናው የሚሻርለት ሰው ስም" አለች ማሽኗ።

"ቢታንያ ዘውዱ።"

"ምክንያት።"

"ውሉን በደንብ ስላልተረዱት" አለች ጦይባ።

"ምን?" አሉ እማማ ቢታንያ ከኋላዋ። "እኔ ነኝ ያልተረዳሁት? ሃያ ስድስት ዓመት ስድሳ ሰው ጭኜ ገደል ለገደል ነድቻለሁ። ሞኝ አታድርጊኝ። የሆነውን ተናገሪ።"

ማሽኗ እየጠበቀች ነበር።

"ምክንያቱን ልቀይር" አለች ጦይባ። "ሰባተኛውን ገጽ እያወቅኩ ዘልዬባቸዋለሁ። እማኝነቴ ውሸት ነበር።"

"ምክንያቱ በእማኟ መዝገብ ላይ በቋሚነት ይሰፍራል። ይቀጥሉ?" አለች ማሽኗ።

"እቀጥላለሁ።"

"ይህን መዝገብ ማንም መሥሪያ ቤት ያነበዋል" አለች ጉትቻዋ። "ገባሽ? ሽያጭ የሚባል ሥራ ዕድሜ ልክሽን አታገኚም።"

ጦይባ ሁለተኛውን ስም ጠራች። ምክንያቱን በየስሙ መድገም ነበረባት፤ ማሽኗ "እንደ ላይኛው" የሚል መልስ አትቀበልም። ዘልዬባቸዋለሁ፣ እማኝነቴ ውሸት ነበር። እስከ አሥረኛው ስም ድረስ አንገቷን ደፍታ ነበር የተናገረችው። ከዚያ በኋላ ስሞቹን ስትጠራ ቀና ብላ ባለቤቶቹን እያየች ሆነ፤ የቀሩትንም ወደ ተራራው እያየች ጠራቻቸው። ሠላሳ አንደኛውን ስትጨርስ ጉትቻዋ ውስጥ ማንም አልነበረም። በሩ ተከፈተ።

ሠላሳ አንዱ ማጉያ ከወንበር ላይ ተነስቶ ጥግ ተከመረ። ሃያ ሰባቱ ሰዎች ተቀመጡ። ድምፅ አሰጣጡ አራት ሰከንድ የፈጀበት አጀንዳ አሁን ሦስት ሰዓት ወሰደ፤ ምክንያቱም "አልስማማም" ብቻ ብሎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። አናጢው ምንጩን ማን እንደቆፈረ ከአያታቸው ጀምረው ተናገሩ። ሁለት ሴቶች በመካከል ተጣሉ። ጸሐፊው መጻፍ ሲያቅተው እጁን ከኮቱ አውጥቶ ያሟሙቅና ይቀጥላል። ጋሽ ናሆም ተነሱና መሄድ እንደሚፈልጉ ተናገሩ፤ ሦስት ሰዎች ተከተሏቸው። አንዳንዱ አጉረመረመ።

"ተዉት" አሉ እማማ ቢታንያ። "አፍ አለው፤ ተናግሮበታል።"

ሃያ ሦስት ለአራት ሆነ። የምንጩ ውሳኔ ተሻረ። ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ማመልከቻ እንደሚያስገባ በዚያው ቀን አስታወቀ፤ እነጋሽ ናሆም ግን ሕንፃው ውስጥ ቤት ይሰጣቸው ዘንድ ጉባኤው ጻፈላቸው። ወደ ላይ ሲመለሱ ጊዜው ቀትር አልፎ ነበር። ያን አቀበት እማማ ቢታንያ እንዴት እንደወጡት የሚያውቀው የጦይባ ክንድ ነው፤ ለሳምንት ቀና አላለም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጦይባ በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍል ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ሦስት መምህራን ነበሩ። ሰብሳቢዋ ዶክተር ረምላ ይባላሉ፤ ሁለት ዓመት አስተምረዋታል፤ ጎበዝ መሆኗን ያውቃሉ። አባቷ ከፋብሪካው ፈቃድ ወስዶ ከኮምቦልቻ መጥቶ ውጪ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

"ብዙ አናቆይሽም" አሉ ዶክተር ረምላ። ፊታቸው እፎይ ያለ ሰው ፊት ነበር። "ደብዳቤሽ ለእኛም ለኩባንያውም ደርሷል። ወይዘሮ ምንትዋብ ተቀብለውታል። ልምምዱን ሌላ ቦታ በሦስት ሳምንት አሟልተሽ ሐምሌ ላይ ትመረቂያለሽ። መዝገብሽም ይነጻል።"

"የምን ደብዳቤ?"

"የይቅርታ ደብዳቤሽ።"

ጦይባ ደብዳቤ አልጻፈችም። እንደማንኛውም ተማሪ ስትመዘገብ እንደራሴ ተሰጥቷት ነበር፤ የቤተ መጻሕፍት ወረፋ ይይዝላታል፣ የኮርስ ምዝገባ ይጨርስላታል። ከዚያ ሌላ ምን እንደሚሠራላት ጠይቃው አታውቅም።

"ልሰማው እችላለሁ?" አለች።

ከጠረጴዛው ላይ የራሷ ድምፅ ተነሳ። በስሜት ተገፋፍታ እንደነበር ተናገረ። የሽማግሌዎቹን ድካም አይታ ማዘኗን፣ ግን መንገዱን መሳቷን። ኩባንያው ያስተማራትን እንደማትረሳ። ከዚያ ቆም አለ፤ እሷ ከባድ ነገር ከመናገሯ በፊት እንደምትቆመው ልክ። "አባቴ ብቻውን ነው ያሳደገኝ" አለ። "ሐምሌን እየቆጠረ ነው። እሱን ማሳፈር አልፈልግም።"

ያ የመጨረሻው እውነት ነበር። ጦይባ ለማንም ነግራው አታውቅም።

"ጥሩ ደብዳቤ ነው" አሉ ዶክተር ረምላ በለሰለሰ ድምፅ። "እኔ እንኳ አስለቅሶኛል። አሁን ከአንቺ ምንም አይጠበቅም። ዝም ብትይ ይጸድቃል።"

ዝም ማለት በጣም ቀላል ነበር። በመስኮቱ አባቷ ይታያል፤ ለዚህ ቀን ብሎ ጫማውን ቀለም ቀብቷል። ጦይባ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"እሱን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም" አለች።

"በሕግ ያንቺ ነው።"

"ይሁን። አሁን ደግሞ እኔ ራሴ መጥቻለሁ። ሠላሳ አንድ ሰው አታልዬ ነበር፤ ለእነሱ በየቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ሁለቱ እስካሁን አላናገሩኝም፤ መብታቸው ነው። ለኩባንያው ግን የምጠይቀው ይቅርታ የለኝም።"

ከመምህራኑ አንዱ ሰዓቱን አየ። ዶክተር ረምላ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ዓመቱን ትደግሚያለሽ። ያ ምክንያት መዝገብሽ ላይ ይቀራል። ዶርምሽን ትለቂያለሽ። አባትሽ ውጪ ነው ያለው ጦይባ፤ ገብቶ ያማክርሽ?"

"ጠዋት ነግሬዋለሁ። ከኮሚቴው ፊት የምለውን ጠይቆኝ ነገርኩት።"

"ምን አለ?"

"ከፋብሪካው ያወጣሁት ፈቃድ ሙሉ ቀን ነው፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ አለኝ።"

ዶክተር ረምላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቅጃ አጥፍተው ከመሳቢያቸው ወረቀት አወጡና ቃለ ጉባኤውን በእጃቸው ጻፉት። የእጅ ጽሑፋቸው ልምድ እንዳጣ ያስታውቅ ነበር። ሲጨርሱ ጮክ ብለው አነበቡት። ቀኑን፣ የተገኙትን፣ በእንደራሴ የተላከው ደብዳቤ በተማሪዋ ቃል መሻሩን። የመጨረሻው መስመር "ተማሪዋ ኩባንያውን ይቅርታ አልጠየቀችም" የሚል ነበር።

"ትክክል ነው?" አሏት። "ከተስማማሽ ፈርሚ።"

ጦይባ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ ራሷ አነበበችው። ብዕሩን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

"አንዲት ቃል ትስተካከል" አለች። "'አልጠየቀችም' ሳይሆን 'አትጠይቅም' ይባል።"

ሰብሳቢዋ ቃሏን ሰርዘው ከላይዋ አረሙ። ጦይባም ፈረመች።